ጠጋ ብሎ የሚዘፍነው ሰውዬ

አጎቴ የኤንትሬ ሹፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ደሴ ጭነት ያመላልሳል። ከደሴ ሲመለስ የጣርማ በርን ዳገት በማታ መውጣት ስለማይወድ ደብረ ሲና እኛ ቤት ያድራል። እራቱ እስኪቀርብ እኔ ጋቢናው ውስጥ ገብቼ ካሴቶቹን እሰማለሁ። የጥላሁን አለ፣ የማህሙድ አለ። አንደኛው ግን ሽፋኑ የተላጠ የፈረንጅ ካሴት ነው፤ ጂም ሪቭስ። ክሩ በወጣ ቁጥር ጋሼ በእስክሪብቶ አጠንጥኖ ይመልሰዋል። እንግሊዝኛ አይችልም። ያን ካሴት ግን ለማንም አያውስም።

በ1994 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ገባሁ። በእረፍት ሰዓት ዜናም ግጥምም አነባለሁ። የሚሰማኝ የለም። ይስሙኝ ብዬ ስጮህ ሞንታርቦው ያፏጫል፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ይሸሻሉ። አንድ ማታ እያለቀስኩ ለጋሼ ነገርኩት። ጉርሻውን እንደያዘ፣ «ትጮሂያለሻ!» አለኝ። «እስቲ ያን ሰውዬ ስሚው። አንድ ቀን ጮኾ ያውቃል?»

ጮኾስ ያውቃል። ይህን የደረስኩበት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ታሪኩን ፈልጌ ሳነብ ነው።

ጂም ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1923 ቴክሳስ ውስጥ ተወለደ። መጀመሪያ የቤዝቦል ተጫዋች ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። እግሩን የነርቭ ጉዳት ሲያገኘው ጨዋታው ቀረ፣ የሬዲዮ አስተዋዋቂ ሆነ። በ1953 «ሜክሲካን ጆ» የሚለው ዘፈኑ ካንትሪ በሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ይህንንና ከሱ በኋላ የመጣውን «ቢምቦ»ን ስሟቸው። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ይፈጥናል፣ አዳራሹ ጥግ ለቆመ ሰው የሚዘፍን ይመስላል። ደስ ይላሉ። የጋሼ ሰውዬ ግን እዚያ ውስጥ የለም።

የጋሼ ሰውዬ የመጣው በ1957 «ፎር ዎልስ» በሚለው ዘፈን ነው። ሪቭስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከንፈሩ ማይኩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ ዘፈነ። በሙዚቃ ኩባንያው በአርሲኤ ይህን ያልወደዱ ነበሩ። ፕሮዲውሰሩና ጊታሪስቱ ቼት አትኪንስ ግን ደገፈው። ዘፈኑ በካንትሪ አንደኛ ሆነ፣ ከዚያም አልፎ የፖፕ አድማጭ ጋ ገባ። የገጠሩ ቫዮሊን ቀርቶ ለስላሳ ፒያኖና አጃቢ ድምፆች የሚሰሙበት «የናሽቪል ድምፅ» የሚባለው ስልት ሲነሳ የሱ ስም አብሮ ይነሳል። እኔ ግን ይህን ያስተማረው ሬዲዮ ይመስለኛል። ማይክ ፊት የሚውል ሰው የሚያወራው ለአንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አጠገቡ ነው።

ከሁሉም የምወደው በ1959 የተቀዳውን «ሂል ሃቭ ቱ ጎ» ነው። መጀመሪያ የወጣው በሸክላው ጀርባ ነበር። በ1960 ግን ለ14 ሳምንት የካንትሪው አንደኛ ሆነ፣ በፖፑም እስከ ሁለተኛ ደረሰ። አንድ ሰው መጠጥ ቤት ሆኖ ለሚወዳት ሴት ይደውላል። አጠገቧ ሌላ ወንድ አለ። ስልኩን ወደ አፏ ጠጋ እንድታደርግ ይለምናታል። ይህ ተጮኾ እንዴት ይዘፈናል? ጋሼ ቃሉ ሳይገባው ልመናው ገብቶታል።

እኔም ማይኩን ከአፌ አራት ጣት አራቅሁት፤ «ፓ»ና «ጳ» እንዳይፈነዱብኝ ትንሽ ወደ ጎን አዘነበልኩት። ባሕር ዛፉ ሥር ለምትቀመጠው ጓደኛዬ ብቻ እንደማነብ አሰብኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከአጥሩ ውጭ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ጠርታ፣ «የዛሬው ግጥም የማነው?» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ።

አሁን ጋሼ ጡረታ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ባለፈው ሄጄ ዘፈኑን ከስልኬ ከፈትኩለትና የሰውየውን መጨረሻ ነገርኩት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 31 ቀን 1964 ከፒያኖ ተጫዋቹ ጋር ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ራሱ እያበረረ፣ ናሽቪል አጠገብ ከባድ ዝናብና ነጎድጓድ ውስጥ ገባ። ፍርስራሹ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሊሞላው ሃያ ቀን ቀርቶት ነበር። ዘፈኖቹ ግን መውጣታቸውን አላቆሙም፤ በ1966 «ዲስታንት ድራምስ» እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ሆነ።

ጋሼ ዝም አለ። ሰውየው የሞተው እሱ መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ግን ጋቢናው ውስጥ አብሮት ሲጓዝ ነበር።

«አውሮፕላን ዳር ይዞ አይቆምማ» አለ ቆይቶ። «እኔ ጭጋግ ሲጥል ዳር ይዤ እቆም ነበር።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበና፣ «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ።