5 ናኖቮልት

ዛሬ ከቤት መውጣት አላሰኘኝም። ቱሉ ዲምቱ ሲዘንብ ጭቃው እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጭቃው ባይኖርም አልወጣም ነበር፤ እንዲሁ ከፍቶኛል። እንዲህ ሲሆን እጄ ወደ ሽቦ ካርቶኔ ይሄዳል።

ፕሪአምፑ (ደካማውን የድምፅ ሲግናል የሚያጎላው ዕቃ) አላለቀም። ሰሌዳው ተበይዷል፣ ሶኬቶቹ ባዶ ናቸው። የቀረኝ የሚያጎላውን ቺፕ መምረጥ ብቻ ነው። "ብቻ" ማለት ቀላል ነው።

በእጄ ሦስት ዓይነት አለ፦ ኤንኢ5532፣ ቲኤል072 እና ኦፒኤ2134። ሦስቱም ባለ 8 እግር ናቸው፤ የእግራቸው አደራደርም አንድ ስለሆነ አንዱን ነቅሎ ሌላውን መሰካት ነው። 5532 ስንት ሚክሰር ውስጥ የኖረ፣ ርካሽና አስተማማኝ ቺፕ ነው። ኖይዙ፣ ማለትም ቺፑ ራሱ የሚጨምረው ሽሽታ፣ በስኩዌር ሩት ኸርዝ 5 ናኖቮልት (የቮልት ቢሊዮንኛ) ነው፤ የ072 ደግሞ 18። ሲያንስ ነው የሚሻለው። በዚህ ከሄድን ነገሩ አለቀ። ግን 5532 በመግቢያው በኩል ትንሽ ከረንት አለው። ቮልዩሙ ይህን ከረንት የሚያግድ ካፓሲተር ሳይኖር በቀጥታ ከተገናኘው፣ ስታዞሩት ኸርኸር ይላል። 072 መግቢያው ጄፌት (ከረንት የለውም የሚባል ያህል ትራንዚስተር) ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። ኦፒኤውም መግቢያው ጄፌት፣ ኖይዙም 8 ናኖቮልት፤ ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው እንጂ። ውድ ቺፕ ደግሞ ተመሳስሎ ይሠራል። ጀርባው ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ስንት አለ! የኔን በአሴቶን በነከርኩት ጥጥ አሸሁት። ጽሑፉ አልለቀቀም። ያው፣ ይህም ቢሆን የሚያረጋግጠው የቀለሙን ጥራት ነው።

ደሞ እኮ የምሰማው ካሴት ነው። የካሴት ሽሽታ ከሦስቱም ቺፖች ኖይዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለማን ብዬ ነው ናኖቮልት የምቆጥረው?

ከክምሩ አንዱን አነሳሁ። በአባባ እጅ ጽሑፍ "የሮማው" ይላል። የአክስቴ የድምፅ ደብዳቤ ነው፤ በደርግ ጊዜ በሰው እጅ የመጣ። በአሮጌው ቴፕ ከፈትኩት። የሁላችንንም ስም እየጠራች እንዴት ናችሁ ትላለች፤ ጎረቤት አልቀረ፣ የጎረቤት ልጅ አልቀረ። የእማማን ስም ስትጠራ ዝም ትላለች። ቀጭ! ቴፑ ይዘጋል። ቀጭ! ይከፈታል። ስትመለስ ድምፅዋ ወፍሯል፤ የምታወራው ስለ ሮማ ሙቀት ነው።

እኛም መልሱን በካሴት ቀድተን ልከናል። አባባ ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በተራ በተራ ያስቀርበን ነበር። ታላቄ የክፍል ደረጃዋን ተናገረች። የኔ ተራ ሲደርስ አፌ ተሳሰረ። አባባ በክርኑ ጎሸም ሲያደርገኝ "ብስክሌት ላኪልኝ!" ብዬ ጮህኩ። እንዴት ነሽ የለ፣ ናፈቅሽን የለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሳቁም አብሮ ተቀድቷል።

የእሷ ካሴት እኛ ጋ አለ። የኛስ? አክስቴ ዕቃ አትጥልም፤ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ብደውልላትስ ምን እላለሁ? ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ፂሜ ሸብቶ፣ እንዴት ነሽ ሳልል ካሴቱን ላኪልኝ ልላት ነው?