21 ለ 21

ባለፈው እሁድ የእድራችን ስብሰባ ነበር። ጅማን በክረምት ታውቋታላችሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ሰው ከሰው አይሰማማም፣ ግማሹ ሰው ጃንጥላውን እንደያዘ በርጩማው ላይ ተኮራምቷል። አጀንዳው አንድ ነው። በየለቅሶው ድንኳን ከመከራየት የራሳችንን እንግዛ ወይስ ይቅር? ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ እጅ የምቆጥረውም እኔ ነኝ። ይገዛ ያለ 21። ይቅር ያለ 21። ድምፀ ተአቅቦ 4። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ያው ነው።

የእድሩ ዳኛ ብድግ አሉና «እንግዲህ እኩል ከሆነ የምለየው እኔ ነኝ፤ ይገዛ» አሉ። ከኋላ አንዲት እናት «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ቅድም እጅዎን አውጥተዋል!» ሲሏቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቁ ወደ ጭቅጭቅ ዞረ። ደንባችንን ገለጥኩ። «ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ይተላለፋል» ይላል። በቃ፣ ስለ እኩል ድምፅ ምንም የለውም።

እኔ የተናገርኩትን እዚህም ልድገመው። እኩል ድምፅን ብዙ ሰው እንደ ኳስ አቻ ያየዋል፣ ነጥብ የሚካፈሉ ይመስል። አይደለም። «ድንኳን ይገዛ» የሚለው ሐሳብ አብላጫ ይፈልጋል፣ 21 ለ 21 ደግሞ አብላጫ አይደለም። ስለዚህ ሐሳቡ ወድቋል፤ ኪራዩ እንደነበረው ይቀጥላል። ለውጥ የሚፈልገው ወገን ነው አንድ ሰው መጨመር ያለበት። ሰው ስትመርጡ ግን ይሄ አይሠራም፣ ገንዘብ ያዥ የግድ አንድ ሰው መሆን አለበትና። ያኔ ወይ ድምፁ ይደገማል ወይ ዕጣ ይወጣል። በአሜሪካ ቨርጂኒያ ለክልሉ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ አሸናፊው ከጎድጓዳ ሳህን በወጣ ዕጣ ተለየ። እንደ እቁብ ማለት ነው።

የዳኛው ጥያቄ ግን ቀላል አይደለም። አንዳንድ ቦታ ሰብሳቢ ዝም ብሎ ይቆይና እኩል ሲሆን ብቻ ድምፅ ይሰጣል። የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሴኔቱን ሲመራ እንደዚያ ነው። የእንግሊዝ አፈ ጉባኤም እንዲሁ፤ እሱ ደግሞ በልማድ ነገሩ ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን ነው የሚመርጠው። ሌላ ቦታ ግን ሰብሳቢው እንደ አባል ድምፁን ሰጥቶ፣ እኩል ከሆነ ሁለተኛ ይሰጣል።

ይቺ ሁለተኛ ድምፅ እኛንም አንዴ ጎድታናለች። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1960 ደቡብ አፍሪካን በዛሬዋ ናሚቢያ ጉዳይ ዘ ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። በ1962 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ያለው 8 ለ 7 ነበር። በ1966 ግን ዳኞቹ 7 ለ 7 ተከፈሉ። ፕሬዚዳንቱ አውስትራሊያዊው ሰር ፐርሲ ስፔንደር ከሰባቱ አንዱ ሆነው ሳለ በደንቡ መሠረት ወሳኙንም ድምፅ ጨመሩና ክሱ ውድቅ ሆነ። ስድስት ዓመት የተለፋበት ጉዳይ! ልብ በሉ፣ እዚያ ደንቡ ውስጥ ተጽፏል። እኛ ጋ አልተጻፈም፣ ስለዚህ ጋሼ ሁለቴ ሊመርጡ አይችሉም። ይሄን ስል እኔ ራሴ ይገዛ ካሉት ወገን ነበርኩ።

ሌላው «50 ሲደመር 1» የሚባለው ነገር ነው። 45 ሰው ድምፅ ቢሰጥ ግማሹ 22 ተኩል ነው፣ አንድ ስትጨምሩ 23 ተኩል። ግማሽ ሰው ከየት ይመጣል? ከግማሽ በላይ በሉት፣ 23 በቂ ነው። ግን የምን ግማሽ? እኛ 87 አባላት ነን፣ የመጣነው 46፣ ድምፅ የሰጠነው 42። ከመራጮች ከሆነ 22 ይበቃል፣ ከተገኙት 24፣ ከአባላቱ ከሆነ 44። በመጀመሪያው ስሌት ድምፀ ተአቅቦ ምንም አይነካም፤ በሌሎቹ ሁለቱ ግን ሳያስቡት «ይቅር» እንደማለት ነው። አራቱ ሰዎች ይሄን ስነግራቸው ደነገጡ። አንደኛው «እኔ እኮ ማንንም ላለማስቀየም ብዬ ነው» አለኝ።

አማራጩ ሦስት ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ድንኳን 18፣ ወንበር 15፣ ድስትና ሳህን 13 ቢያገኙ ድንኳን አንደኛ ነው፣ ግን 28 ሰው አልመረጠውም። የፓርላማ ምርጫችን እንዲህ ነው የሚሠራው፣ በየምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ያገኘ ያልፋል። ለእድር ግን እኔ አንደኛና ሁለተኛ የወጡትን መልሶ ማወዳደር ይሻላል ባይ ነኝ፣ ለቅሶ ላይ አብረን ነው የምንቀመጠው።

መጨረሻ ላይ ደንቡ ይሻሻል ተባለና ሁሉም አጨበጨበ። ገለጥኩ። ደንብ ለማሻሻል ከጠቅላላው አባል ሁለት ሦስተኛው ይላል፣ 58 ሰው ማለት ነው። በዚህ ዝናብ በቅጣት እንኳ ከ46 በላይ መጥቶልን አያውቅም። ለቀጣዩ እሁድ ቡና ይፈላል፣ ቆሎም አለ ብላችሁ አስወሩ ብያለሁ። ለፋፊያችንም ከዛሬ ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ ነው።