የላቲኖ እናቶችን በዋትስአፕ ለማህፀን በር ምርመራ እንዴት እንዳመጣናቸው

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና ላንግሊ ፓርክ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ እዚያ የእኛ ሰውና ከኤል ሳልቫዶር፣ ከጓቲማላ የመጣው ጎረቤታሞች ናቸው። እኔ የምሠራው እዚያው ሰፈር፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሴቶች የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ እንዲያደርጉ መቀስቀስ ሲሆን አብዛኞቹ ስፓኒሽ ተናጋሪ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሂስፓኒክ (ላቲኖ) ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከነጮቹ ይበልጣል። በሽታው እኮ በምርመራ ቀድሞ ከተደረሰበት ገና ካንሰር ሳይሆን የሚቆም ነው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

በራሪ ወረቀት ማደል ብዙም አልሠራልንም። ሴቶቹ ቀን የሰው ቤት ያጸዳሉ፣ ማታ ልጆቻቸውን ያበላሉ፤ የሚገኙት ዋትስአፕ ላይ ነው። ስለዚህ የቤት ኪራይና ሥራ በሚወራባቸው የሰፈር ግሩፖች ውስጥ ገባን። ፊት የሚወጡት ግን ፕሮሞቶራዎቹ ናቸው፤ ከዚያው ማኅበረሰብ የወጡ፣ ጎረቤት የሚያምናቸው፣ የእኛን አገር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚመስሉ ሴቶች። መልእክቱን በድምፅ ይልኩታል። ረጅም ጽሑፍ ማንም አያነብም፣ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ግን ድስት እያማሰሉም ይሰማል።

ግሩፑ ላይ ማንም አይጠይቅም። የልብ ምልክት ያደርጉበትና ዝም ይላሉ። ጥያቄው የሚመጣው ማታ በኢንቦክስ ነው። ያማል? ስንት ነው? ሐኪሙ ወንድ ነው? ወረቀት የለኝም፣ ስሜን ለኢሚግሬሽን ትሰጡብኛላችሁ? አንዷ ከጥያቄዋ ቀጥላ «አሁን እንዳትመልሺልኝ፣ ባሌ አጠገቤ ነው፤ ጠዋት አውቶቡስ ላይ ስሆን» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወዲህ መልስ ከመላካችን በፊት የሚመቻትን ሰዓት እንጠይቃለን። ክሊኒካችን የኢሚግሬሽን ወረቀት እንደማይጠይቅ፣ ኢንሹራንስ ለሌላት ደግሞ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የተቋቋመ የነፃ ምርመራ ፕሮግራም እንዳለ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ እንናገራለን። ስለ በሽታው የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍርሃቱን የሰበረው ቪዲዮ ነው። አንዷ ፕሮሞቶራ ስፔኩለሙን፣ ማለትም የማህፀን በር እንዲታይ ብልትን የሚከፍተውን የፕላስቲክ መሣሪያ፣ መዳፏ ላይ አድርጋ ስትከፍተውና ስትዘጋው፣ ከዚያ ናሙና የሚወሰድባትን ትንሽ ብሩሽ ስታሳይ ብቻ ነው የሚታየው። የቀጠሮ ጥያቄው የጎረፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ከባዱ ነገር የማህፀን በር ካንሰር ስለሚያመጣው ቫይረስ፣ ስለ ኤችፒቪ ማውራት ነው። ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፍ ነው ስትላቸው «እንግዲያው ባሌ ሌላ ጋ ሄዷል?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ትዳር ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንደሚይዘው፣ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ውጤቱ የማንም መማገጥ ማስረጃ እንዳልሆነ ቀድመን እንነግራለን። ቫይረሱ የተገኘባትን ሴት ደግሞ ደውለን በድምፅ እናናግራታለን፤ በቴክስት አንልክም።

ከግንቦት 2024 ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ሴቷ ራሷ ናሙናውን እንድትወስድ ተፈቅዷል። «ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም» ይሉ የነበሩት በዚህ መጡ።

ይሄን ያየች ሐበሻ ጎረቤት «ለእኛስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን በአማርኛም የድምፅ መልእክት እልካለሁ፦ ከ21 እስከ 29 ዓመት በየ3 ዓመቱ ፓፕ (ከማህፀን በር የተወሰዱ ሴሎች የሚታዩበት ምርመራ)፣ ከ30 እስከ 65 ደግሞ በየ5 ዓመቱ የኤችፒቪ ምርመራ። የምትፈሪው ነገር ካለ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ የሚመችሽን ሰዓትም ጻፊልኝ።