ሪሰርቹን አገኘሁት፤ ገንዘቡን ግን ስሜ ያዘብኝ

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ ኮሌጅ) እየተማሩም ሰመር ላይ ላብራቶሪ ገብቶ፣ እየተከፈለ ሪሰርች መሥራት ይቻላል። ይህን የነገረኝ የኮሌጁ አማካሪ አይደለም፤ ዲሲ ፓርኪንግ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው።

ፕሮግራሙ አር-ኢ-ዩ (REU) ይባላል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ሄደው ሪሰርች የሚሠሩበት ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ሲሆን በፈረንጆች ከ1987 ጀምሮ አለ። አብዛኛውን ጊዜ 10 ሳምንት ነው። መመሪያው ለተማሪው በሳምንት 700 ዶላር ገደማ ይከፈል ይላል፤ ብዙዎቹ ማደሪያም ይሰጣሉ። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። አሳይለም ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ አይገባም። ያናድዳል፣ ግን ቀድሞ ማወቁ ይሻላል።

ማመልከቻው ብዙም አያስቸግርም። ትራንስክሪፕት፣ አጭር ጽሑፍ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ። ቀነ ገደቡ በአብዛኛው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ነው። ጽሑፉ ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳይንስ እወዳለሁ» አትበሉ፤ ሁሉም ይላል። በእጃችሁ ምን መሥራት እንደምትችሉ ጻፉ። አማካሪዬ ስም ያላቸውን ዩኒቨርሲቲዎች ሞክር ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ ማንም ሊሄድበት የማይፈልገውን ስቴት ሞክሩ እላለሁ። የተቀበለኝም በበቆሎ እርሻ መሃል ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራው የአፈር ባክቴሪያ ላይ ነበር፤ በጣም ወደድኩት።

አሁን ወደሚያበሽቀው ልምጣ።

የሚሰጡን ገንዘብ ስታይፔንድ (የድጋፍ ክፍያ) ነው እንጂ ደሞዝ አይደለም። ተማሪው ሠራተኛ ስላልሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ «እኛን አይመለከትም» አለኝ። ክፍያዬ የሚያልፈው ለዩኒቨርሲቲው ዕቃ የሚያቀርቡ ድርጅቶች በሚከፈሉበት ቢሮ ነው። እዚያ ስሜ ተያዘ። ፓስፖርቴ የአያቴን ስም የመጨረሻ ስም አድርጎታል፤ ግሪን ካርዱና ሶሻል ሴኩሪቲውም ያንኑ ተከተሉ። ኮሌጄ ግን ከአገር ቤት ትራንስክሪፕቴ አይቶ በአባቴ ስም መዝግቦኛል። የተቀበሉኝም በአባቴ ስም ነው። ለኮምፒውተራቸው እኔ ሁለት ሰው ነኝ።

የፕሮግራሙ አስተባባሪ «ትንሽ ጠብቅ» አለችኝ። ጠበቅኩ። ቢሮው ሁለቱም ስሞች ያሉበት ወረቀት አምጣ አለኝ። ምን ዓይነት ወረቀት ስል «ለምሳሌ የጋብቻ ምስክር ወረቀት» አሉኝ። አግብቼ ስም የቀየርኩ መስሏቸዋል! እኛ ዘንድ ከስም ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም እንደሚመጣ አስረዳሁ። ሰውዬው በትህትና አዳመጠኝ። በማግስቱ ያንኑ ፎርም መልሶ ላከልኝ።

የፓርኪንጉን ሥራ ለቅቄያለሁ። ቤት ኪራይ ላይ ድርሻ አለብኝ። ማደሪያው ቢሰጠኝም ምግብ የራሴ ነው። እናቴ በደወለች ቁጥር «ከፈሉህ?» ትላለች። የአክስቴ ልጅ በዜል (ገንዘብ መላኪያው አፕ) የላከልኝ 200 ዶላር ባይኖር ኖሮ ሥራውን ትቼ እመለስ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ደግሞ ቅዳሜ የት እንሂድ እያሉ ይከራከራሉ።

መጨረሻ ላይ ለላብራቶሪው ፕሮፌሰር ነገርኩት። የግሪን ካርዴንና የትራንስክሪፕቴን ኮፒ ይዞ ቢሮው ሄደ። ከሰዓት በኋላውን አለቀ። እኔ ሳምንታት ስለፈልፍ የነበረውን እሱ አንዴ ተናግሮ ተሰማ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«የክፍያ ወረቀቱን ከመጣችሁ በኋላ ትሞላላችሁ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። የተቀበላችሁ ዕለት ፎርሙን ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ክፍያ መቼ እንደሚገባም በኢሜይል ያረጋግጡላችሁ። ከዚያም በፊት፣ ገና ሳታመለክቱ፣ የኮሌጁ ሬጅስትራር ጋ ሄዳችሁ ስማችሁን ከሶሻል ሴኩሪቲው ጋር አንድ አስደርጉት። የአንድ ወር ወጪ ሳትይዙ አትሂዱ። ደግሞ ስታይፔንዱ ላይ ታክስ አይቆረጥም ማለት ታክስ የለበትም ማለት አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ አስቀምጡ። በፈረንጆች 2025 በፋውንዴሽኑ የበጀት ችግር ብዙ ቦታዎች ፕሮግራማቸውን ስለሰረዙ አንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ።

አገር ቤት ሆናችሁ ለምታነቡ፣ አር-ኢ-ዩ ለእናንተ አይሆንም። የጃፓኑ ኦኪናዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋም ግን የየትኛውንም አገር ተማሪ በሪሰርች ኢንተርንነት ይቀበላል፤ የአውሮፕላን ቲኬትና ማደሪያ ይችላል። የኦስትሪያው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተቋምም ተመሳሳይ የሰመር ፕሮግራም አለው። ስትመዘገቡ ስማችሁን ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ።