ቆርምድ መስከረምን አይጠብቅም፦ በባቄላ በሽታ ላይ የሠራነው የኮምፒውተር ምርምር

ኮምፒውተር ሳይንስን ከግብርና ጋር አጣምሮ ለመመራመር የሚነሣ ሰው ስለ ፕሮፖዛል አጻጻፍና ስለ ሞዴል (ከምሳሌዎች ተምሮ የሚለይ የኮምፒውተር ፕሮግራም) አመራረጥ የሚመክረው አያጣም፤ የመስክ ገንዘቡ በየትኛው ወር እጁ እንደሚገባ ግን የሚነግረው የለም። እኛም የሚነግረን በማጣታችን አንድ የመኸር ወቅት ባክኖብናል።

ሥራችን የባቄላ ቆርምድን ከቅጠሉ ፎቶ መለየት ነው። ቆርምድ በሰሜን ሸዋ ደጋዎች፣ በተለይ በባሶና ወራናና በመንዝ በኩል፣ ገበሬውን ያስመረረ በሽታ ነው፤ ቅጠሉ ላይ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ እብጠት ሆኖ ይጀምርና እየቆየ ይጠቁራል፣ ቅጠሉንም ያኮማትረዋል። ባቄላ በዚህ አገር ከሽሮ በላይ ነው፤ ገብስ ያደከመው መሬት የሚያገግመው በእርሱ ስለሆነ፣ ባቄላውን የተወ ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት ገብሱንም ይጎዳል።

ቡድኑን ማቋቋምና ፕሮፖዛሉን ማጸደቅ ብዙም አላስቸገረን። ሞዴሉንም ከባዶ አልሠራነውም፤ በሌሎች ምስሎች ቀድሞ የሠለጠነና በተራ ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚችለውን ሞባይልኔትን ወስደን በባቄላ ቅጠል አሠለጠንነው።

ያቃጠለን ገንዘቡ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ባቄላ ሰኔ ውስጥ ይዘራል፤ ቆርምድም ዝናቡ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ይወጣል። ሰኔ ላይ የውሎ አበልና የነዳጅ ገንዘብ ስንጠይቅ ሂሳብ እየተዘጋ ስለሆነ አዲስ ወጪ እንደማይፈቀድ፣ እንዲያውም በእጃችን ያለውን ተሰብሳቢ፣ ማለትም ቀድመን ወስደን ሂሳቡን ያላወራረድነውን ገንዘብ፣ በአስቸኳይ እንድናወራርድ ተነገረን። ሐምሌ ላይ ስንመለስ ደግሞ አዲሱ በጀት ገና አልተለቀቀም ተባልን። ነሐሴ ላይ ገንዘቡ መጣ፤ ነገር ግን የዕፅዋት በሽታ ባለሙያዋ የሌላ ትምህርት ክፍል ባልደረባ በመሆኗ አበሏ በየትኛው ክፍል ስም እንደሚወጣ የሚወስን ሰው ጠፋ፤ ደብዳቤው ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ ዝናቡ አለፈ። እየደጋገምን ስንጨቀጭቃቸው ከኃላፊዎቹ አንዱ፣ «መስከረም ላይ ብትሄዱስ፣ በሽታው ያው አይደለም እንዴ?» አሉን።

ያው አይደለም። መስከረም ላይ ያገኘነው ቅጠል የጠቆረና የተኮማተረ፣ ብዙ ጊዜም የቸኮሌት መልክ ያለው ሌላው የባቄላ በሽታ የተደረበበት ነበር። በዚያ ፎቶ የሠለጠነው ሞዴል ያረጀውን ቆርምድ አሳምሮ ይለያል፤ ገና የጀመረውን አረንጓዴ እብጠት ግን ጤነኛ ቅጠል ይለዋል። ገበሬው ማሳውን ሊያተርፍበት በሚችልበት ሰዓት «ደኅና ነው» የሚል መሣሪያ ባይኖር ይሻላል። ሞዴሉ ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ የወሰነው የሂሳብ ክፍሉ የጊዜ ሰሌዳ ነበር፤ ይህ ዛሬም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ሕጉ ሳይሆን ሕጉን ከክረምቱ ጋር አገናዝቦ ለማየት የሚተጋ ሰው መጥፋቱ ነው የጎዳን።

በሚቀጥለው ዓመት አካሄዳችንን ለወጥን። ለክረምት ጉዞ ይዘነው የነበረውን ገንዘብ በመጋቢት አስፈቅደን ወደ ስልክ ግዥ አዛወርነው፤ ስልኮቹም ግንቦት ሳያልቅ በየቀበሌው ለሚኖሩ የልማት ሠራተኞች ደረሱ። እነርሱ ከማሳው አጠገብ ስለሚውሉ መኪናም አበልም አይጠብቁም። የምርምር መመሪያው መረጃ በተመራማሪው እንዲሰበሰብ ይመክራል፤ እኔ ግን በክረምት ለሚሠራ የሰብል ጥናት ይህን ምክር አትከተሉ እላለሁ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር በጽሑፍ ተስማሙ፣ የልማት ሠራተኞቹንም በኅትመቱ ላይ በስማቸው አመስግኑ።

ፎቶ አነሣሡን ያስተካከሉልን የማሳው ባለቤቶች ናቸው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ማሳ ውስጥ አጎንብሼ የቅጠል ፊት ሳነሣ፣ ባለማሳዋ እናት ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለበጡትና፣ «ልጄ፣ ፊቱን ብቻ ምን ታዪያለሽ? ጀርባውን እዪው እንጂ» አሉኝ። ከላይ ጎድጎድ ብሎ ለዓይን የማይታወቀው ነጥብ በጀርባው በኩል ጉብ ብሎ ወጥቷል፤ በአውራ ጣቴ ስዳስሰው ይሻክራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቅጠል ከፊትም ከጀርባም አነሣን፤ ሞዴሉም ገና የጀመረውን በሽታ መለየት የቻለው ከዚህ በኋላ ነው።

ለፎቶዎቹ ስም ስንሰጥም የኮምፒውተር ሰዎች የለመድነውን የድምፅ ብልጫ፣ ማለትም ብዙዎቹ ያሉትን አንድ ስም ብቻ መያዝን፣ ትተናል። ባለሙያዋና የልማት ሠራተኛው ሲለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ቅጠሉ ላይ ሁለት በሽታ አለ። አንድ ቅጠል ከአንድ በላይ ስም እንዲይዝ አደረግን።

ስለ ፍተሻው ደግሞ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። ፕላንትቪሌጅ በተባለው የ54,306 የቅጠል ምስሎች ስብስብ ላይ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት 99.35 በመቶ ትክክለኛነት አስመዝግቦ፣ ከሌላ ቦታ በተገኙ ምስሎች ሲፈተሽ ግን ወደ 31 በመቶ ገደማ ወርዷል። የእኛም ፎቶዎች ለሥልጠናና ለፈተና በዘፈቀደ ተከፍለው ሞዴሉ ሲፈተሽ ውጤቱ ያማረ ነበር፤ የአንድ ማሳ ቅጠሎች በሥልጠናውም በፈተናውም ስለሚገቡ ሞዴሉ አፈሩንና ብርሃኑን ጭምር ያውቀዋል። ስለዚህ ክፍፍሉን በቀበሌ አደረግነውና ቁጥሩ ወረደ። ያማረውን ለሪፖርት እንድናወጣ የወተወቱን አልጠፉም። አላወጣነውም፤ በዚህም እኮራለሁ። ሪፖርታችን ላይ የሰፈረው ሞዴሉ አንድም ፎቶ ባላየባቸው ቀበሌዎች ያገኘው ውጤት ብቻ ነው።