ብረት ቴስታታ ወይስ አሉሚኒየም? ዳገቱ ላይ የሚታየው ልዩነት

ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ጭነት ይዞ መጎተት ሲጀመር ነው የቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ነገር የሚገለጠው። ሜዳ ላይ ብረቱም አሉሚኒየሙም ደህና ይሠራሉ።

መጀመሪያ ስለ ጉልበት። አሉሚኒየም ሙቀትን ከካስት አይረን (ቴስታታ ከሚሠራበት ብረት) ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ፈጥኖ ያስተላልፋል። የቃጠሎው ክፍል ግድግዳ ቀዝቀዝ ስለሚል የቤንዚን ሞተር ቶሎ አያንኳኳም (ቤንዚኑ ያለጊዜው አይቀጣጠልም)፤ ስለዚህ ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደር ውስጥ ያለው ስንት እጥፍ እንደሚታመቅ) ከ9 ወደ 10 ገደማ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ጉልበቱ የሚጨምረው ከዚያ ነው። ኮምፕሬሽኑ እኩል ከሆነ ግን ብረቱ ሙቀቱን እዚያው ስለሚያቆይ ብዙም አያንስም። አየር የሚገባበትና ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ ቅርጽ ቴስታታው ከተሠራበት ነገር ይልቅ ለጉልበት ይወስናል። ለጉልበት ብቻ ብሎ ቴስታታ መቀየር በእኔ ግምት ገንዘብ ማባከን ነው።

እዚህ ደግሞ ከፍታው አለ። በ2,400 ሜትር አየሩ ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀው አየር ትንሽ ስለሆነ ማንኳኳቱም ይቀንሳል። አሉሚኒየም በዚህ በኩል ያለው ብልጫ ጠቦ ይታያል። ውሃው ግን ክዳን በሌለው ዕቃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ራዲያተሩን ከመፍላት የሚጠብቀው የክዳኑ ግፊት ነው፤ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን መፍያውን ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ለያዘ መኪና እንጦጦ ከባድ ፈተና ነው።

ሞተሩ ሲግል አሉሚኒየሙ የሚጎዳው ለምንድን ነው? የብዙዎቹ አሮጌ መኪኖች ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበት የሞተሩ አካል) ብረት ነው፤ ሰማያዊዋ ላዳም እንዲሁ ብሎኳ ብረት፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም ነው። ግማሽ ሜትር ርዝመት ያለው አሉሚኒየም ሙቀቱ በ80 ዲግሪ ሲጨምር 0.88 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ብረቱ 0.44 ብቻ። መሐል ያለው ጓርኒሲዮን (ውሃና ጋዝ እንዳያፈስ የሚደረገው ስስ ማሸጊያ) በየቀኑ ይፈገፈጋል። ሙቀቱ ልክ ሲያልፍ ቴስታታው በቡሎን ስለተያዘ መሄጃ አጥቶ ይጎብጣል። ብረቱ በዚህ ይታገሣል፤ የእሱ ችግር መሰንጠቅ ነው፣ በተለይ በግለቱ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት በሁለቱ ቫልቮች መካከል።

ቴስታታ ስታወርዱ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ቡሎኖቹን ከዳር ወደ መሐል በጥቂት በጥቂቱ ፍቱ። የአሉሚኒየሙን ፊት በብረት መፋቂያ አትንኩት፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ ይበቃል። ከዚያ ቀጥ ያለ ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ማዕዘን አጋድማችሁ ከሥሩ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ቅጠል) ሞክሩ። ለብዙ የትናንሽ መኪና ቴስታታዎች 0.05 ሚሊሜትር ወሰን ነው፤ የራሱን ሞተር ማኑዋል ማየት ግን ግድ ነው። ማሽን ቤት ከመላጉ (ፊቱ ተፍቆ ከመስተካከሉ) በፊት ግፊት ይፈተሽ፤ የውሃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ አየር ተሞልቶ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋ የሚያወጣው ስንጥቅ ነው።

ማሽን ቤት ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር አለ። ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላዩ ላይ የሚቀመጥ ቴስታታ ከጎበጠ የካምሻፍቱ መቀመጫዎችም አብረው ጎብጠዋል። ሥሩን ብቻ ማስላግ እነሱን አያቃናም፤ ካምሻፍቱ በእጅ ሲዞር የሚይዝ ከሆነ ያ ቴስታታ አልዳነም። ከልክ በላይ ከተላገም በናፍታ ሞተር ቫልቭ ፒስቶኑን ሊመታ ይችላል።

ሲገጠም ከመሐል ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው። «እጄ ያውቀዋል» የሚባለው አሉሚኒየም ላይ አይሠራም። ካንዴላም (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው) በግለት አይፈታ፣ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ባለ 14 ሚሊሜትሩ ካንዴላ አሉሚኒየም ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይጠበቃል።

አሉሚኒየምን ቀስ በቀስ የሚገድለው ግን ባዶ ውሃ ነው። ከጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ማዕድኑን ይዞ ራዲያተር ውስጥ ድንጋይ ይሠራል፤ ኩላንት ከሌለበት ደግሞ በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ያለውን አሉሚኒየም ይበላዋል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ቀላቅሉ። የተበላውን በአርጎን መሙላት ይቻላል፤ የተሰነጠቀ ብረት ግን በደንብ ሳይሞቅ ቢበየድ ብየዳው ጎን እንደገና ይሰነጠቃል።

ከሰንዳፋ በኩል ድንጋይና አሸዋ ለሚያመላልስ መኪና ብረቱን እመርጣለሁ። የላንድክሩዘር 1ኤችዜድ ቴስታታው ብረት ነው። የሲኖትራኩ ደብሊውዲ615 ደግሞ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ብረት ቴስታታ ስላለው አንዱ ሲበላሽ አምስቱ ሳይነኩ እሱ ብቻ ይወርዳል። ቪትዝና ኮሮላ ላላችሁ ቴስታታችሁ አሉሚኒየም ስለሆነ የሙቀት መርፌው ከወትሮው ቦታ ከፍ ማለት እንደጀመረ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፤ ክዳኑን ደግሞ ማኒኮቶው (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) በእጅ እስኪያዝ ድረስ አትክፈቱ።