ሻንጣው ጎንደር ቀረ

ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ ግጭ ሜዳ ላይ እንግዳ ደረቱን ከያዘ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ከፍታው ነው።» ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግጭ ደግሞ 3,600 ይደርሳል። አየሩ ይሳሳል፣ ልብ ይመታል፣ ራስ ይከብዳል። በአስጎብኚነት ሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። የዚያን ዕለቱ ግን ሌላ ነበር።

እንግዶቼ የጎንደር ሰዎች ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ መምህራን ከነቤተሰቦቻቸው። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲገኝ በጣም ደስ ይለኛል። ስሜን ተራሮች ደጃችን ሆኖ ሳለ ሳያየው የሚያረጅ ጎንደሬ ብዙ ነው። ክረምቱ እንደወጣ ነበር የሄድነው። ሜዳው በጓሳና በአበባ ተሸፍኗል። ጦስኙን ሲረግጡት ሽታው ይነሳል። ጅብራው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። ዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብብና ይሞታል ስላቸው አንዱ መምህር ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቀው ይግጣሉ። አንዷ ልጇን አዝላ ቁጭ ብላለች። በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ሳሩን እየለቀመች ትነጫለች። አጠገቧ ያለው ሲያልቅ አትነሳም፤ በቂጧ ወደፊት ትንሸራተትና ትቀጥላለች። ከመምህራኑ አንዱ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ይህን እያዩ ሲስቁ ቆይተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። ፊታቸው በዚያ ብርድ አላበው።

«ልቤ ሊወጣ ነው» አሉ።

ከመምህራኑ የአንዱ ልጅ ነርስ ናት። የእጃቸውን አንጓ ይዛ ዝም ብላ ቆጠረች። ከዚያ ስለ አየሩ ሳይሆን ስለ ኪሳቸው ጠየቀች።

«ጋሼ፣ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«አለ እንጂ፤ አቴኖሎል። ለግፊቱ።»

«ዛሬ ወስደዋል?»

«ሻንጣው ጎንደር ቀረ። ከተነሳን ወዲህ አልዋጥኩም። ደህና ነበርኩ እኮ ልጄ!»

ይሄኔ ከእንግዶቹ አንዲት እናት ቦርሳቸውን ከፍተው ፕሮፕራኖሎል አወጡ። ለእንቅርታቸው የታዘዘላቸው ነው። «ይችን ይዋጡ፤ የኔም ልብ የሚያረጋጋ ነው» አሉ። ከልባቸው ነው፤ የሀገራችን ሰው ያለውን አይሰስትም። ነርሷ ግን ክኒኗን በእጇ ሸፍና «ጋሼ፣ አስም አለብዎት?» አለች። «ብርድ ሲመታኝ ደረቴ ያፏጫል» አሉ። ክኒኗን መለሰችላቸው። ሁለቱ መድኃኒቶች የአንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ግን አንድ አይደሉም። አቴኖሎል በአብዛኛው ልብ ላይ ያተኩራል። ፕሮፕራኖሎል የሳንባንም የአየር ቧንቧ ሊያጠብ ስለሚችል አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ያን ዕለት እዚያ ሜዳ ላይ፣ ሐኪም ቤት በሌለበት፣ ያቺ አንዲት ጥያቄ ትልቅ ነገር አዳነች ብዬ አምናለሁ።

ጋሼን በበቅሎ አድርገን የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ እየመራ ወደ መኪና መንገዱ ወረድን። ከዚያ ደባርቅ ሐኪም ቤት። የልብ ምርመራ ተደረገላቸው፣ መድኃኒታቸውን በክትትል ጀመሩ፣ ተሻላቸው።

ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳን። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉት፣ ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች አድሬናሊን፣ ማለትም ስንደነግጥ ሰውነት የሚያመነጨው ሆርሞን፣ ልብን የሚያዝበትን ተቀባይ ይዘጋሉ። ልብ ረጋ ብላ ትመታለች፤ የምትፈልገው ኦክስጅንም ይቀንሳል። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ልብ ተጨማሪ ተቀባዮችን ታበጃለች። በድንገት ሲቋረጥ አድሬናሊኑ ግድብ እንደጣሰ ወንዝ ይገባል። ግፊት ይንራል፣ ደረት ይጨመቃል፣ የልብ ደም ሥሩ የጠበበበትን ሰው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሊመታው ይችላል። በዚያ ላይ ስስ አየርና አቀበት ራሳቸው አድሬናሊንን ይጨምራሉ። ማቆም ካስፈለገም በሐኪም ትእዛዝ፣ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ ነው። ፕሮፕራኖሎልን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ የልብን የኦክስጅን ፍላጎት መቀነስ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎንደር ላይ መኪናው ከመነሳቱ በፊት እንግዳውን ሁሉ ለየብቻው አነጋግራለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ሰውን በሽታህ ምንድን ነው ማለት ነውር ነው» ይሉኛል። ነውርነቱ ይገባኛል። እኔም በሽታ አልጠይቅም። «በየቀኑ የሚዋጥ ነገር አለ? የት ነው ያስቀመጡት?» ነው የምለው። በቅሎ ላይ ከሚጫነው ዕቃ ጋር ከሆነ አስወጥቼ ግማሹን ኪስ፣ ግማሹን የትከሻ ቦርሳ ውስጥ አስገባለሁ። በቅሎዋ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር አትደርስም።

ቤታ ብሎከር የሚወስድ እንግዳ ካለ ደግሞ የእጅ ሰዓቱ የሚቆጥረውን የልብ ምት አላምንም። መድኃኒቱ ልብ እንዳትፈጥን ስለሚይዛት ሰውዬው ደክሞም ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። እየሄድን አወራዋለሁ። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው እንቀመጣለን። ጭላዳዎቹን ለማየትም የሚሻለው ቁጭ ብሎ ነው። ዝም ብለው ለተቀመጡ ሰዎች ራሳቸው እየጋጡ ይጠጋሉ።

ተራራው ላይ ካሉት ካምፖች ሳንቃበርም ሆነ ግጭ ፋርማሲ የለም። የረሳ ካለ ገና ጎንደር ፒያሳ ላይ መኪናዋን አስቆማለሁ፤ ሐኪሙ የጻፈለትን ወረቀት ይዞ ገብቶ ገዝቶ እስኪመጣ ሁላችንም እንጠብቃለን።